አስታማሚውም ሲታመም፦ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ባልና ሚስት የብርድ ወራት መመሪያ

ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስት ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት ኢንፍሉዌንዛ ከገባ ብዙ ጊዜ አንዱን ይዞ ሌላውን አይተውም። መጀመሪያ አንዱ ይተኛል። ሌላው ትኩስ ነገር ያፈላል፣ መድኃኒት ያቀብላል፣ ሌሊት ሳል በሰማ ቁጥር ይነሣል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ አስታማሚውን ራሱን ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ቀድሞ የታመመው ደግሞ ገና እግሩ አልጸናም። ቤቱ የሚፈተነው ያን ቀን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ሁለታችሁም የምትተኙበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል ታስቦ ነው። ካልመጣ እሰየው።

ነገሩ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ኢንፍሉዌንዛ ሰው ከያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ1 እስከ 4 ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ 2 ቀን ያህል ይወስዳል። ወደ ሌላ ሰው መተላለፍ የሚጀምረው ግን ምልክቱ ሊወጣ አንድ ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ባልየው ማሳል ሲጀምር ሚስትየው ትናንትና ተቀብላው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ገና ያልያዛት ከሆነ መጠንቀቁ ይጠብቃታል፤ ስለዚህ ጥንቃቄውም ዝግጅቱም ጎን ለጎን ይሂዱ።

ብርዱ ሳይገባ የሚደረግ

መጀመሪያ ክትባት። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ይወሰዳል፤ ሰውነት መከላከያውን እስኪያዘጋጅ 2 ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ ሰው ሁሉ ማሳል ከጀመረ በኋላ መሮጥ ዘግይቶ መድረስ ነው። ሳንባ ምች ለሚያመጣው ኒሞኮከስ ለተባለው ባክቴሪያና ለኮቪድም ክትባት አለ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ አርኤስቪ ለተባለውና አረጋውያንን ክፉኛ ለሚያጠቃው ቫይረስ ክትባት ተገኝቷል። የትኛው እንደሚገኝና ለየትኛችሁ እንደሚስማማ ሐኪማችሁን ጠይቁ። «ተከትቤ እንኳ ታመምኩ» የሚል ሰው አይጠፋም። ክትባቱ በዋናነት የሚያድነው ከማስነጠስ ሳይሆን ሆስፒታል ከመተኛትና ከሞት ነው።

ቀጥሎ ዕቃ። ሙቀት መለኪያ፣ የግፊት መለኪያ፣ ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ፣ ፓራሲታሞል፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጥ ኦአርኤስ፣ ጭምብል፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይኑራችሁ። ዘወትር የምትወስዱት መድኃኒት ሁልጊዜ ቢያንስ የሁለት ሳምንት የሚሆን ቤት ውስጥ ይኑር፤ በትኩሳት ላይ ሆኖ ፋርማሲ መሰለፍ አይቻልም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው፤ ደህና ሳላችሁ መለካት። ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት የሁለታችሁንም ሙቀት፣ ግፊት፣ የልብ ምትና ኦክስጅን ጻፉ። አረጋውያን ደህና ሲሆኑም ሙቀታቸው ከወጣት ዝቅ ይላል። ዘወትር 36 ለሆነ ሰው 37.3 ትርጉም አለው። ደህና ሳለ ስንት እንደነበር ካልታወቀ ግን ማንም ልብ አይለውም።

ከዚያ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ገጽ አዘጋጁ። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ያለበት ሕመም፣ የሚወስደው መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ ደህና ሲሆን የሚለካው ቁጥር፣ የሐኪምና የቅርብ ሰው ስልክ ይስፈርበት። በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ በሩ አጠገብ ለጥፉት። አምቡላንስ ቢመጣ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚመልሰው ሰው ይርበተበታል።

አንድ ትርፍ ቁልፍም ለጎረቤት ወይም ለልጅ ይሰጥ።

የመጀመሪያው ቀን

አንዳችሁ በድንገት ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ከጀመራችሁ በዚያው ቀን ለሐኪም ደውሉ። «እስቲ ነገ እንየው» ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። ኦሰልታሚቪር የተባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በደንብ የሚሠራው ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። የኮቪድ እንክብልም በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ እሱ ደግሞ ከአንዳንድ የኮሌስትሮልና የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች ጋር ስለማይስማማ የለጠፋችሁትን ዝርዝር በስልክ አንብቡላቸው።

ለብቻ መተኛት የሚቻል ከሆነ ተለያዩ። ሌላ ክፍል ከሌለ አልጋችሁን አራርቁ፤ እሱም ካልተቻለ አንዳችሁ በራስጌ፣ ሌላችሁ በግርጌ በኩል ተኙ። በቀን ጥቂት ጊዜ መስኮት ለአሥር ደቂቃ ያህል ክፈቱ፤ ያን ጊዜ ታማሚው በደንብ ይሸፈን ወይም ሌላ ክፍል ይቆይ። ፊት ለፊት ተቀራርባችሁ ስትሆኑ ሁለታችሁም ጭምብል አድርጉ። እጅ በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ ይታጠብ። ሳህንና ኩባያ መቀቀል ግን አያስፈልግም፤ በሳሙና በደንብ መታጠቡ ይበቃል። አስታማሚዎች በዕቃ ማጠብ ጉልበታቸውን ጨርሰው መስኮቱን ሳይከፍቱ ሲውሉ ያሳዝነኛል።

ሕመሙ ትውከትና ተቅማጥ ከሆነ ነገሩ ይለያል። በብርድ ወራት የሚበረታው ኖሮቫይረስ በአልኮል ሳኒታይዘር በቀላሉ አይሞትም፤ እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ የተበከለ ወለልና ሽንት ቤት በበረኪና ይጽዳ። ትውከቱ ካቆመ በኋላም ለ48 ሰዓት ታማሚው ለሌላ ሰው ምግብ አይንካ።

ጠዋትና ማታ መለካት

በቀን ሁለቴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ደብተሩን መሐል ላይ አስምራችሁ ግራውን ለእሱ፣ ቀኙን ለእሷ አድርጉ።

ሙቀት በአፍ ሲለካ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይለፍ። አረጋዊ ሰው ላይ አንድ ጊዜ 37.8 ወይም ከዚያ በላይ ከታየ፣ ወይም ደህና ሲሆን ከሚለካው ከ1 ዲግሪ በላይ ከጨመረ ትኩሳት ነው። ግን ትኩሳት አለመኖሩ አያዘናጋችሁ። ዕድሜ ሲገፋ ሳንባ ምች ያለ አንዳች ትኩሳት ሊመጣ ይችላል።

ኦክስጅን ሲለካ እጁ ይሙቅ፤ የቀዘቀዘ ጣት የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። የጥፍር ቀለም ይነሣ። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ መሣሪያውን አድርጉለትና ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ መጀመሪያ ብልጭ ያለውን አትጻፉ። 95 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። 92 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለሐኪም ይደወል፤ ከ90 በታች ከወረደ አምቡላንስ ይጠራ። የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው የራሱ ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ። መሣሪያው ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችልም እወቁ። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ትንፋሽ ካጠረው የምታምኑት ሰውየውን ነው።

ትንፋሽ መቁጠር መሣሪያ አይፈልግም፤ ከሁሉም በላይ ግን ይነግራል። «ትንፋሽህን ልቁጠር» ካላችሁት ሳያውቀው አተነፋፈሱን ይቀይራል። የልብ ምት እንደምትቆጥሩ ሆናችሁ የእጁን አንጓ ያዙ፤ ዓይናችሁን ግን ደረቱ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ላይ አድርጉ። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል፤ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። አርፎ ለተኛ ሰው ከ12 እስከ 20 የተለመደ ነው። ከ25 ካለፈ ሐኪም ይወቅ። 30 ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም።

በቁጥር የማይጻፍም አለ፤ የትዳር ጓደኛ ከሐኪም የሚበልጠውም እዚህ ላይ ነው። አርባ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ሚስቱ በምን እንደምትቆጣ፣ ጠዋት መጀመሪያ ምን እንደምትጠይቅ ያውቃል። በሁሉም ነገር አስተያየት የምትሰጥ ሴት ድንገት ዝም ካለች፣ ቀኑን ከተሳሳተች፣ የሞተ ሰው ከጠራች፣ ቀን ሙሉ ካንቀላፋች «አርጅታለች» ብሎ ማለፍ አይገባም። አረጋዊ ሰው ላይ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ወይም የፈሳሽ ማነስ የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ግራ መጋባት ወይም መውደቅ ነው። ለሐኪም ስትደውሉ «ደከማት» ከማለት «ትናንት ማታ ድረስ ደህና ታወራ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት የት እንዳለች አታውቅም» ብትሉ በፍጥነት ይረዳችኋል።

መነጽሩንና የመስሚያ መሣሪያውንም አትርሱ። ታማሚው ስለተኛ ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ ብትከቷቸው የማያይና የማይሰማ ሰው በትኩሳት ላይ ይበልጥ ይምታታበታል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን ሌሊት ይውለቅ፣ ይታጠብ፤ አድርጎት መተኛት ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

መድኃኒት

በሁለት አረጋውያን ቤት ትልቁ የመድኃኒት አደጋ መለዋወጥ ነው። ሁለቱም የግፊት ክኒን ይወስዳሉ፣ ሁለቱም ነጭ ነው፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ሰጪው ራሱ ትኩሳት አለበት። የእሱን በአንድ ሣጥን፣ የእሷን መልኩ በሚለይ ሌላ ሣጥን አድርጉ፤ ሣጥኖቹም አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡ። አንድ ክኒን በተዋጠ ቁጥር ሰዓቱ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። «አልሰጠሁትም መሰለኝ» ብሎ ድጋሚ መስጠት የሚቀረው በዚህ ብቻ ነው።

ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል ይቀድማል። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 500ው አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ነው፤ በመካከሉ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይለፍ። ለጤነኛ አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 4 ግራም ቢሆንም ለአረጋውያን፣ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ ለሚያንስ፣ ጉበታቸው ለታመመ ወይም አልኮል ለሚያዘወትሩ መጠኑ ይቀነሳል። ብዙ ሐኪሞች ከ3 ግራም ወይም ከዚያም በታች እንዳያልፍ ያዝዛሉ፤ የእናንተን ጠይቃችሁ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት። «የጉንፋን» ተብሎ የሚሸጠው ዱቄትና እንክብል አብዛኛው በውስጡ ፓራሲታሞል አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ሳያውቁ እጥፍ መውሰድ ነው፤ ጉበትን የሚጎዳውም እንዲህ ያለው ነው።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ለወጣት ቀላል የሆኑትን ያህል ለእናንተ አይደሉም። ጨጓራ ያደማሉ፣ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ በተለይ የግፊትና ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ለሚወስድ፣ ውኃም ላጠረው ሰው። ሐኪም ካላዘዘ ይቅሩ። አፍንጫ የሚከፍት ፕሱዶኤፌድሪን ያለበት እንክብልም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። እንቅልፍ የሚያመጣው ክሎርፌኒራሚን ግራ ያጋባል፤ ፕሮስቴቱ ላበጠበት ወንድ ደግሞ ሽንት ይይዛል። አፍንጫ ለሚከፍት ጠብታ ከ3 እስከ 5 ቀን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ራሱ አፍንጫውን ይደፍነዋል። ከባለፈው ዓመት የተረፈ አንቲባዮቲክ አትጀምሩ፤ ቫይረስን አይገድልም።

የዘወትር መድኃኒትን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ «ቢያስመልሰን ወይም ቢያስቀምጠን የትኛውን ለጊዜው እናቁም?» ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን፣ ሽንት የሚያስወጡ መድኃኒቶች፣ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ፈሳሽ ሲያጥር ኩላሊትን ሊያስቸግሩ ስለሚችሉ ሐኪም ለጥቂት ቀን ሊያስቆማቸው ይችላል። ኢንሱሊንና ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ግን በራስ ውሳኔ አይቋረጡም። ስኳር ያለበት ሰው ባይበላም በትኩሳት ምክንያት ስኳሩ ሊጨምር ስለሚችል ከወትሮው ደጋግሞ ይለካ። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ምግብ ሲቀንስ ወይም አንቲባዮቲክ ሲጀምር ደሙ ከሚገባው በላይ ስለሚቀጥን ምርመራው ቶሎ ይደገም።

መጠጣትና መብላት

አረጋዊ ሰው ውኃ እያጠረውም ላይጠማው ይችላል፤ «አልጠማኝም» የሚለውን አትቀበሉ። ደህና ለሆነ ሰው በቀን ለሴት 1.6 ሊትር፣ ለወንድ 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይመከራል፤ ትኩሳት ሲኖር ይጨምራል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙ የወሰነለትን ይከተል።

ሙሉ ብርጭቆ ፊቱ ብታስቀምጡ አይጠጣውም። ትንሽ ስኒ አድርጋችሁ በየሰዓቱ አቅርቡ፤ ክኒን በተዋጠ ቁጥር፣ ከሽንት ቤት በተመለሰ ቁጥር ይጠጣ። ማታ መጠጣት የሚፈራው ለሽንት ላለመነሣት ከሆነ አብዛኛውን ከሰዓት በፊት ጨርሱለት። ሽንቱ ጠቆር ካለ፣ ምላሱ ከደረቀ፣ ሲቆም ካዞረው እያነሰው ነው። ኦአርኤስ ካለቀ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልክ በማንኪያው አፍ፣ በጥብጡ። የጨው ስህተት አደገኛ ስለሆነ በግምት አይሁን።

ምግብ ላይ አትጨቃጨቁ። ለሁለት ለሦስት ቀን ሾርባ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ለስላሳ ነገር ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ ቢቀምስ ይበቃል። ቀና ብሎ ተቀምጦ ይዋጥ፤ ተንጋሎ የበላ ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ለሳል ማር በሞቀ ውኃ ይረዳል፤ ስኳር ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቅ። ፎጣ ተሸፍኖ የፈላ ውኃ መታጠንን አልመክርም። እጁ በሚንቀጠቀጥ ሰው ጭን ላይ የፈላ ውኃ ማስቀመጥ ትርፉ መቃጠል ነው።

አልጋ፣ ሽንት ቤት፣ ሌሊት

ዕረፍት ማለት ሳምንት ሙሉ መተኛት አይደለም። አረጋዊ ሰው አልጋ ላይ ሲውል ጡንቻው በጥቂት ቀን ውስጥ ይሟሟል፣ እግሩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ሳንባው አክታ ይቋጥራል። ትኩሳቱ ጋብ ባለ ቁጥር ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ለምግብ ይነሣ፤ ቤት ውስጥ ጥቂት እርምጃ ይሂድ። መነሣት ካቃተው ተኝቶም ቢሆን የእግሩን ጣቶች ወደ ራሱ እየሳበ ይልቀቅ።

ሌሊት ሲነሣ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ደቂቃ ይቀመጥ፣ ካላዞረው ይቁም። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት መብራት ይኑር፤ ምንጣፍና ገመድ ይነሣ። ፖፖ አልጋ ሥር ማስቀመጥ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ፤ ከዳሌ ስብራት ይሻላል።

ቢወድቅ ጎትታችሁ አታንሡት፤ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ። ያልተሰበረ ከሆነ በጎኑ ይዙር፣ በክንዱ ተደግፎ ይንበርከክ፣ ጠንካራ ወንበር አምጡለትና ወንበሩን ይዞ በራሱ ጉልበት ይነሣ። ጭንቅላቱን ከተመታና ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ምንም ባያመው እንኳ ሆስፒታል ይሂድ።

ሙቀትና ጭስ

አረጋውያን የሚኖሩበት ክፍል ቢያንስ 18 ዲግሪ ይሁን፤ ለታመመ ሰው ከዚያ ሞቅ ቢል ይመረጣል። የሰውነት ሙቀት ከ35 በታች ከወረደ አጣዳፊ ነው። ያኔ ሰውየው መንቀጥቀጡን ሊያቆምና ሊያንቀላፋ ስለሚችል «ተኛ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ከሰል ወይም ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አታድርጉ። ከእነሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካም ነው፤ ኢንፍሉዌንዛን ይመስላል። የሚለየው እንዲህ ነው፦ ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ ያማችኋል፣ ትኩሳት የለም፣ ውጭ ስትወጡ ይሻላችኋል። ይህን ካያችሁ ወዲያው ውጡና እርዳታ ጥሩ፤ መስኮት ከፍቶ መልሶ መተኛት አይሆንም።

ሁለታችሁም የተኛችሁበት ቀን

አስታማሚው ጉሮሮው መከርከር ሲጀምረው፣ ገና እግሩ ሳይዝል፣ አንድ ሰዓት ሥራ ይሥራ። ውኃ በጠርሙስና በፔርሙስ ይሙላ። የሁለት ቀን ምግብ ተሞቆ ብቻ የሚበላ ሆኖ ይቀመጥ። ስልኩ ይሞላ። የሁለታችሁም የነገ ክኒን ይቆጠር። የውጭውን ሰው፣ ልጅም ይሁን ጎረቤት፣ «እኔንም ጀምሮኛል» ብሎ ያሳውቅ።

ከዚያ ወደ አንድ ክፍል ግቡ። በተመሳሳይ ሕመም ሁለታችሁም ከተያዛችሁ በኋላ መለያየቱ ጥቅም የለውም፤ አብሮ መተኛት መመላለስን ይቀንሳል፣ አንዱም የሌላውን ትንፋሽ ይሰማል። በመካከላችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ መጠጡ፣ ኩባያው፣ ደብተሩ፣ ስልኩና ባትሪው ይኑር፤ የመድኃኒት ሣጥኖቹ ግን በየራሳችሁ ጎን ይሁኑ። ከአልጋው ሥር የቆሻሻ ከረጢትና ባልዲ አድርጉ።

የቀኑ ሥራ ሦስት ብቻ ነው፦ መጠጣት፣ ክኒን መዋጥ፣ እርስ በርስ መተያየት። አንሶላውም ወለሉም ይቆያል። ትኩሳቱ የቀነሰለት እስከ ምሳ ተረኛ ይሁን፣ ከምሳ በኋላ ይቀያየሩ። ሁለታችሁም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት በአንድ ሌሊት አትውሰዱ።

የውጭው ሰው ጠዋትና ማታ በተቆረጠ ሰዓት ይደውል። ሁለቴ ደውሎ ካልተነሣለት በትርፍ ቁልፉ እንዲገባ አስቀድማችሁ ተስማሙ። «እንዴት ናችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ይታወቃል፤ «ደህና ነን፣ አታስቡ» ነው። ስለዚህ ደዋዩ ሌላ ይጠይቅ፦ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ኩባያ ጠጣችሁ? ኦክስጅናችሁ ስንት አለ? ማን ተነሥቶ ነበር? መጨረሻ ሽንት የሸናችሁት መቼ ነው? እናንተም ደብተሩን አንብቡለት።

አሁን ስለ መደባበቅ። ሚስትየው እንዳትጨነቅ ብሎ የደረቱን ሕመም የሚውጥ ባል፣ ባልየው እንዳይነሣ ብላ ብቻዋን ሽንት ቤት ሄዳ የምትወድቅ ሚስት በየቤቱ አሉ። ደግነት ነው፤ ሆኖም አደጋ አለው። እኔ የማምንበት ደንብ አንድ ነው፦ ከሁለት አንዳችሁ «ይደወል» ካላችሁ ይደወላል፤ ሌላው «ቆይ እስቲ» የማለት መብት የለውም። ከሁለት አንዳችሁ የመርሳት ሕመም ካለባችሁ ደግሞ ሌላው በታመመበት ቀን ሰው መጥቶ አብሯችሁ ይደር፤ ይህን በስልክ መወጣት አይቻልም።

ሳይቆይ አምቡላንስ የሚጠራበት

- ትንፋሽ አጥሮት ዓረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅተው፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ሲጠቁር
- ደረት ሲጨመድደው፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ሲሄድ
- ፊት በአንድ በኩል ሲወርድ፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር
- ድንገት ግራ ሲጋባ ወይም ከእንቅልፍ መቀስቀስ ሲያስቸግር
- ራሱን ሲስት፣ ደም ሲተፋ
- የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ሲወርድና ሰውየው ሲዝል

ለ12 ሰዓት ሽንት ካልመጣ፣ የጠጣው ሁሉ ከወጣ፣ ወይም ተሽሎት ከነበረ በኋላ ትኩሳቱና ሳሉ እንደገና ከተመለሰ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የመጨረሻው በተለይ ያሳስባል፤ ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ ተከትሎ የሚመጣ የባክቴሪያ ሳንባ ምች እንዲያ ነው የሚጀምረው።

ማገገም

የኢንፍሉዌንዛ ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይለቃል፤ ድካሙ ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በ2018 የታተመ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ማለትም ሃርት አታክ፣ የመከሰት ዕድሉ ወደ 6 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ «ዳንኩ» ብሎ በዚያው ሳምንት ከባድ ዕቃ ማንሣት ወይም ዳገት መውጣት አይገባም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እርምጃ ይጨመር፤ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ለእግር ጥሩ ልምምድ ነው። ምግብ ላይ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣ ወይም ሥጋ ይጨመር፤ የጠፋውን ጡንቻ የሚመልሰው ፕሮቲን ነው።

ለጊዜው ያቆማችሁት መድኃኒት ካለ መቼ እንደሚቀጥል ከሐኪም ጠይቃችሁ ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፉ፤ አገግመው የግፊት ክኒናቸውን ሳይጀምሩ ወር የሚያልፋቸው ሰዎች አሉ። ሳል ለሦስት ሳምንት መቆየቱ የተለመደ ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ሌሊት ሌሊት የሚያልበው ከሆነ የደረት ምርመራ ይደረግ፤ ስትሄዱም ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።